ሁለት ሰዓት ሲሞላ

ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። አሁን በየትምህርት ቤቱ ተማሪው ተሰልፏል፣ ሰንደቅ ዓላማ እየተሰቀለ ነው። መዝሙሩ ሲያበቃ ጥበቃው በሩን ይዘጋል። ከደጅ የሚቀሩም አሉ።

ሩብ ሰዓት ማርፈድ ምን አላት? እስቲ እናስላት። በየቀኑ 15 ደቂቃ የሚያረፍድ ልጅ በሳምንት 75 ደቂቃ ይጎድልበታል። የትምህርት ዓመቱን 40 ሳምንት ብንለው 3,000 ደቂቃ፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ በሆነበት ትምህርት ቤት 75 ሙሉ ክፍለ ጊዜ ማለት ነው። ደግሞም ሁልጊዜ የሚጎዳው ያው የጠዋቱ ትምህርት ነው። ሰኞና ረቡዕ በሒሳብ የሚጀመር ከሆነ፣ ልጁ የሚያመልጠው ሒሳብ ነው። መምህሩ አዲሱን ርእስ ካለፈው ጋር የሚያያይዘው ገና ሲገባ ነው። አርፋጁ ሲደርስ ሰሌዳው በምሳሌ ተሞልቷል፤ ከየት እንደተነሣ አላየም፣ ዝም ብሎ ይገለብጣል። ሰኔ ላይ ካርድ ሲመጣ «ይሄ ልጅ ሒሳብ አይገባውም» እንላለን።

መቼም የትምህርት ቤት መንገድ ሲነሣ ኃይሌ ገብረሥላሴ አይቀርም። አሰላ አካባቢ ልጅ ሳለ ትምህርት ቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቀው ስለነበር ደብተሩን ይዞ እየሮጠ ይሄድ ነበር። ሲሮጥ ግራ እጁን ሰብሰብ የሚያደርገውም ከዚያ የቀረ ልማድ ነው ይባላል። ደስ ይላል። ለልጅ ምክር አድርጌ ግን አልነግረውም። በእንዲያ ያለ መንገድ ደክሟቸው ትምህርት ያቋረጡትን ማን ቆጠራቸው?

ከተማ ውስጥ ደግሞ የታክሲ ሰልፍ አለ፤ ልጁ በጊዜ ቢነሣም ሰልፉ ንቅንቅ አይልም። ውኃ ሌሊት በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካን ስትሞላ ያደረች ልጅ ታናናሾቿን አልብሳ ነው የምትወጣው። ተከታታይ ድራማ እስኪያልቅ አብሮን የሚያመሸውስ? እሱ እንኳ የእኛ የወላጆች ዕዳ ነው። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ መመገብ መጀመሩ በዚህ በኩል ትልቅ ነገር ነው። ቁርስ ከትምህርት ይቀድማልና፣ ሳይበላ ያደረን ልጅ ከቁጣ ይልቅ ቁርሱ ቀድሞ የሚያስነሣው ይመስለኛል።

በሩ ላይ ግን ዛሬም የሚያንበረክኩ፣ ግቢ የሚያስጠርጉ አሉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። ሕጉን እንኳ ብንተወው፣ ሒሳቡ አያዋጣም፦ 15 ደቂቃ ያረፈደው ልጅ ወረቀት ሲለቅም ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ስሙን መዝግቦ ቶሎ ማስገባት፣ መቅጣት ካስፈለገም በእረፍት ሰዓት ማድረግ ምን ይከብዳል?

«ወላጅ ይዘህ ና» የሚባል መፍትሔም አለ። በማግስቱ እናት ከልጇ ጋር በሩ ላይ ትቆማለች። ዩኒት ሊደሩ ስብሰባ ገብቷል ይሏታል፤ ትጠብቃለች። ሰዓት ስለ ማክበር በደንብ ተመክራ መሥሪያ ቤቷ ስትደርስ ሦስት ሰዓት አልፏል፤ ፊርማው ተነሥቷል።