ከሚሴ ላይ የቀመስነው ጠላና ቀሪቦ

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



በመንግሥት ሥራ ላይ ላለ ሰው ዝውውር አይቀርለትምና፣ ምናልባት አንድ ቀን ዕጣችሁ ወደ ከሚሴ ይጥላችሁ ይሆናል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ጐዳና 325 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዛችሁ የምታገኟት፣ የቦርከና ወንዝ ከሚያጠጣው ከጨፋ ሜዳ አጠገብ ያለችው ይህች ከተማ፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ ናት። የአገሩ ሰው በኦሮምኛ ጠላን ፈርሶ፣ ጠጅን ዳዲ ይለዋል፤ ነገር ግን አብዛኛው የእስልምና ተከታይ ስለ ሆነ፣ ሃይማኖቱን የሚጠብቀው የሚያሰክር መጠጥ አይነካም። እኔ የሳትሁት ይህን እያወቅሁ ነው።

በሥራ ጉዳይ እዚያ በሄድሁበት ሰሞን፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ አብሮኝ የዋለውን የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ይዤ በዘንግ ጫፍ ላይ ጣሳ ወደ ተደፋበት ደጅ አመራሁና ሁለት ጠላ አዘዝሁ። ባልደረባዬ አልተቈጣም፤ ከደጁ መደብ ላይ ተቀምጦ ዝም አለ። ባለቤቲቱ ግን ፊቱን አይታ ኖሮ፣ ልጅዋን ወደ ጎረቤት ልካ ለእሱ ቀሪቦ አስመጣችለት። አፍሬ ይቅርታ ብለምነው «አብሽር» አለኝ። በወሎ ይህች ቃል ብዙ ነገር ታስረሳለች።

ቀሪቦ ማለት ገብሱ እስኪጠቍር ተቈልቶ፣ ፈልቶና ተጣርቶ፣ ስኳርና ጥቂት እርሾ ገብቶበት ባደረ ማግስት የሚጠጣ ነው፤ ጌሾ የለበትም። ጠላ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል፤ ጌሾው ተወቅጦ ይጠነሰሳል፤ ከቀናት በኋላ ብቅሉና ቂጣው፣ ቀጥሎም አሻሮው ይገባና ድፍድፍ ይሆናል፤ ከዚያ ውሃ ተሞልቶ የጋኑ አፍ ይታተማል። የባቫሪያ መሳፍንት በ1516 እ.ኤ.አ. ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕና ከውሃ ብቻ እንዲጠመቅ ደንግገው ነበር፤ በእኛ ዘንድ የሆፕን ምሬት የሚሰጠው ጌሾው ነው። ያን ማታ የጠጣሁት ጠላ የወይራው ጢስ ከአፍንጫ የማይጠፋ፣ ቀለሙ ጠቆር ያለ ነበር። ልከኛ ጠላ ከመቶ ከ2 እስከ 4 እጅ አልኮል ይኖረዋል ቢባልም፣ ሦስተኛው ላይ ቈጠራው ያስቸግራል።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1915 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ጠርሙሱ እየተስፋፋ ሄዶ፣ ኮምቦልቻ ላይም የቢራ ፋብሪካ ተተክሏል። ሴትዮዋን «ቢራው ገበያሽን አልወሰደብሽም?» ብዬ ጠየቅኋት። ፈገግ ብላ በግድግዳው ላይ በከሰል የተሰመሩትን መስመሮች አሳየችኝ።

«ጋሼ፣ የጐዳኝ ቢራው አይደለም፤ ይኸ የናንተ የመንግሥት ሠራተኞች ዱቤ ነው። ደመወዝ ሲወጣ ጠርሙስ ቤት ይገባሉ፤ ሲያልቅ እኔ ዘንድ ይመጣሉ፤ ከዚያ ይዛወራሉ።»

ገብሱ፣ ጌሾውና ማገዶው የሚገዛው ግን በእጅ በእጅ ነው፤ የልጆቿም ደብተር እንዲሁ። ባልደረባዬ ቀሪቦውን እየተጎነጨ እኔን አየኝ። እኔም ጠላዬ መረረኝ፤ ከሦስት ዓመት በፊት ከአንድ ሌላ ከተማ ስዛወር፣ በአንዲት መበለት ግድግዳ ላይ የእኔም መስመሮች ቀርተው ነበርና።

የዚያን ማታውን ሒሳብ የቀሪቦውን ጭምር ከፈልሁ። በማግሥቱ ጧት ከመናኸሪያው ወደዚያች ከተማ የሚሄድ አንድ የማውቀው ሹፌር ፈልጌ፣ ገንዘቡን በፖስታ አሽጌ ሰጠሁት። ስሜን ብትረሳው እንኳ መስመሮቹን እንድትቈጥር ነግሬዋለሁ፤ አሥራ ሰባት ናቸው።