ግማሹ የጠፋ ፊደል



ልጅ ሳለሁ ቄስ ትምህርት ቤት የተማርኩበት ዳዊት ሰም የነጠበበት፣ ጠርዙ በጣት ብዛት ያለቀ ነበር። ግማሽ አካሉ የጠፋ ፊደል ላይ ስደርስ ግን አልቆምም፤ ያየሁት ቁራጭ የቀረውን ይጠራልኛል፣ ቅርጹም ድምፁን ይዞ ይመጣል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት ዕድሜዬን ሰጥቻለሁ፤ ተመራቂዎች፣ ዛሬ ፊታችሁ የቆምኩትም ይህንኑ አደራ ልላችሁ ነው።

ካናዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዶናልድ ሄብ በ1949 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ አንድ የነርቭ ሕዋስ ሌላውን ደጋግሞ ሲያነሣሣ በመካከላቸው ያለው መገናኛ ይጠነክራል አለ። የፊዚክስ ሊቁ ጆን ሆፕፊልድ በ1982 ይህን ሐሳብ በሒሳብ አቆመው። በእርሱ ሞዴል ትዝታ የሚቀመጥበት ሣጥን የለም፤ እያንዳንዱ ምስል ሕዋሳቱን በሚያስተሳስሩት መገናኛዎች ሁሉ ላይ ተበትኖ ይኖራል። ጎደሎ ምስል ስንሰጠው፣ ከተራራ የወረደ ውሃ ሸለቆውን እንደሚያገኝ፣ ወደሚቀርበው ሙሉ ምስል ይወርዳል። ሆፕፊልድ በ2024 ከጄፍሪ ሂንተን ጋር የፊዚክስ ኖቤል ተሸልሟል።

እኔን የሚማርከኝ ግን ይህ የሕዋሳት መረብ የሚሳሳትበት ቦታ ነው። 100 ሕዋሳት ያሉት መረብ የሚይዘው 14 ያህል ምስል ነው፤ ያውም ምስሎቹ የማይመሳሰሉ ከሆነ። ከዚያ ብዙ ካለፈ አዲሱን ብቻ አይደለም የሚስተው፤ የቀደመውም አብሮ ይፈርሳል። እስቲ ፊደላችንን አስቡት፦ 33 በ7 ሲባዛ 231። በዚያው ስሌት ወደ 1,700 ሕዋሳት ይበቁ ነበር። ነገር ግን ሉ እና ሊ የሚለያዩት አንዲት ቅጥል ወገብ ላይ ወይም እግር ላይ በመሆኗ ብቻ ነው። ሸለቆዎቻቸው ይጠጋጋሉ፣ ይቀላቀላሉ፤ መረቡም ማንም ያላስተማረውን ድብልቅ ፊደል ያወጣል። ሕፃን ልጅ በስንደዶ እየጠቆመ የሚለያቸውን!

ሂፖካምፐስ በሚባለው የአንጎል ክፍል መግቢያ ላይ፣ የሚመሳሰሉ ምስሎችን ከመያዛቸው በፊት የሚያራርቅ ሥርዓት እንዳለ ብዙ ተመራማሪዎች ያምናሉ። የሕፃኑ ምሥጢር ይኸው ብቻ ይሆን? አይመስለኝም፤ ሕፃኑ ፊደሉን ዜማ አድርጎ፣ ከጓደኞቹ ጋር እየጮኸ ነው የያዘው፤ ጆሮው ዓይኑን ሳያግዘው አልቀረም።

እናንተ ይህን መረብ ሠርታችሁ በገዛ ፊደላችሁ ልትፈትኑት ትችላላችሁ። መረባችሁ ሉን ሊ ሲላችሁ ስህተቱን ለማጥፋት አትቸኩሉ፤ የት እንደተደባለቀበት መዝግቡልኝ። የጻፋችሁትን ቁጭ ብዬ አነባለሁ። እንኳን ደስ አላችሁ!