ያልታተመው ጋዜጣ

በ1933 ዓ.ም. መታተም የጀመረው የአዲስ ዘመን ጋዜጣ የጥንት እትም በዲጂታል ቅጂ በስልካችን መስታወት ላይ ሲገለጥ፣ ዓይናችን ከዐቢዩ ዜና ይልቅ በማዕዘን ወደ ተጻፈችው ንዑስ ማስታወቂያ፣ ወደ ቴአትሩ ጥሪ ያዘነብላል፤ አበው በምን ይደሰቱ እንደ ነበር የምትነግረን እርሷ ናትና። ነገር ግን አዲስ አበባ የታተመ ጋዜጣ የከተማችንን የጎንደርን ምሽት ሁሉ አልጻፈም። እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ላይ በጣሊያን ዘመን በተሠራው ሲኒማ ቤት ምን እንደ ታየ፣ በጥምቀት ማግስት በየሰፈሩ ምን እንደ ተዘፈነ የሚያውቁት፣ ዛሬ ጠዋት ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጅ ላይ ፀሐይ የሚሞቁት አባት ናቸው። ጋዜጣው ይቆየናል፤ የአባት ዕድሜ ግን በእግዚአብሔር እጅ ነው። እንግዲህ ሰላምታ ብቻ ሰጥተን አንለፍ። ቆም እንበል፤ እንጠይቅ፤ እንስማ።