ከርክክብ በኋላ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተመደበልኝ ርእስ ሕዝብ በገዛ ጉልበቱና በገዛ ሥርዓቱ አካባቢውን ጠብቆ ለማቆየትና ክፉ ቀንን ለመቋቋም የሚያደርገው ጥረት ነው። ርእሱ ሰፊ ስለሆነ ሁሉን ለመዳሰስ አልሞክርም። እኛን መሐንዲሶችን በቀጥታ የሚነካውን አንድ ጥያቄ ብቻ አነሣለሁ፤ ይኸውም አንድ ሥራ ተጠናቆ ርክክብ ከተፈጸመ በኋላ ዕድሜውን የሚወስነው ምንድን ነው? የሚለው ነው።

በኮንሶ ተራሮች ላይ የሚታየው የድንጋይ ዕርከን በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ፣ 21 ትውልድ ወይም ከ400 ዓመት በላይ የዘለቀ ሕያው ባህል መሆኑ ተመስክሮለታል። አንዳንዱ ካብ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። የተካበውም ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ፣ በደረቁ ነው። ከትምህርት ቤት አዲስ የወጣ ባለሙያ ይህንን እንደ ጉድለት ሊቆጥረው ይችላል። ነገር ግን አፈር የሚይዝን ግንብ ብዙውን ጊዜ ገፍቶ የሚጥለው ከኋላው የሚጠራቀመው ውኃ እንደሆነ እናውቃለን፤ በኮንክሪት ግንብ ላይ በየርቀቱ የውኃ ማስወጫ ቀዳዳ የምንተወውም ስለዚሁ ነው። በኮንሶ ካብ ግን ግንቡ በሙሉ ማስወጫ ነው። ውኃው በድንጋዮቹ መካከል ሾልኮ ይወርዳል፣ አፈሩ ይቀራል፣ ማሽላው ሥሩን የሚሰድበት እርጥበት ያገኛል።

ይህ ዓይነቱ ካብ ታዲያ አንድ ትልቅ ድክመት አለው። አንድ ድንጋይ ከቦታው ከተፈናቀለና ሳይመለስ ከቆየ፣ የሚቀጥለው ኃይለኛ ዝናብ በዚያ በኩል ይገባል። የላይኛው ካብ ሲናድም ናዳው የሚያርፈው ከታች ባለው ጎረቤት ማሳ ላይ ነው። ስለዚህ ጥገናው የአንድ ገበሬ የግል ጉዳይ ሆኖ ሊቀር አይችልም። በየደኑ ዳር የሚገኙት ሐርዳ የተባሉት የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ኩሬዎችም እንዲሁ ናቸው። የተቆፈሩት በኅብረት ነው፤ ደለላቸው የሚጠረገውም በኅብረት ነው። ደለሉን የሚጠርግ ከሌለ ኩሬ ጥቂት ክረምት አልፎ ረግረግ እንደሚሆን የግድብ ባለሙያዎቻችን ይመሰክራሉ። በኮንሶ ተራውን የሚያዝና ተራ ያጎደለውን የሚጠይቅ ማኅበራዊ ሥርዓት አለ። እኔ በበኩሌ ይህንን ሥርዓት ከድንጋዩ ለይቼ አላየውም፤ የአሠራሩ አንድ ክፍል ነው ባይ ነኝ።

ኮንሶን ያለ ነቀፋ ለማቅረብ አልመጣሁም። ባለፉት ዓመታት ድርቅም ግጭትም ጎድቶታል፤ ዕርከን የጣለውን ዝናብ ይይዛል እንጂ ያልጣለውን አያመጣም። ወጣቱ ወደ ከተማ ሲፈልስም ካቡን የሚያነሣው እጅ ይቀንሳል።

ይህንን ከሌላ የዕርከን ሥራ ጋር እናስተያይ። ከ1966ቱ ረኃብ በኋላ ባሉት ዓመታት በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ «ምግብ ለሥራ» በተባለው ዘዴ እጅግ ብዙ ዕርከን ተሠርቷል፤ ችግኝም ተተክሏል። የዕርከኑ ንድፍ በመሠረቱ ስሕተት አልነበረም። ነገር ግን ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ በብዙ ስፍራ ዕርከኑን ያፈረሰው፣ ዛፉንም የቆረጠው ራሱ ገበሬው ነበር። ምክንያቱ ድንቁርና ነው የሚሉ ነበሩ፤ እኔ አልስማማም። ዕርከኑ ከጠባብ ማሳው ላይ ስፋት ወስዶበታል፤ ለአይጥ መጠለያ ሆኖበታል፤ መሬቱ በሚቀጥለው ሽግሽግ የማን እንደሚሆን አያውቅም ነበር፤ ከሁሉም በላይ ግን ቦታውንና ርቀቱን ሲወስኑ የጠየቀው አልነበረም። የሥራ ዘገባውም የሚቆጥረው የተሠራውን ኪሎ ሜትር እንጂ ከዓመታት በኋላ ቆሞ የተገኘውን አልነበረም።

በመንዝ ጓሳ ደግሞ የሥርዓት መኖርና መጥፋት በአንዱ ስፍራ በየተራ ታይቷል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ የተዘረጋው ይህ የሣር ምድር ቤት የሚከደንበትና ገመድ የሚገመድበት ጓሳ ይበቅልበታል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም ይኖሩበታል። የአስቦና የጌራ ዘሮች በአጽመ ርስት ይዘውት «ቄሮ» በተባለው ሥርዓት ይጠብቁት ነበር፤ ለጥቂት ዓመታት ይዘጉታል፣ ሣሩ ሲደርስ ከፍተው በአንድነት ያጭዳሉ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የርስቱን ሥርዓት ሲሽር፣ የጥበቃው ሥርዓት አብሮ ፈረሰ፤ ሣሩም ተጎዳ። እርግጥ ነው፣ የድሮው ሥርዓት ከዘሩ ያልሆነውን ጎረቤት ያገል ስለነበር እንዳለ ይመለስ የሚል ሰው አይኖርም። ሕዝቡም እንዳለ አልመለሰውም። ኋላ ላይ በየቀበሌው ተወካዮቹን መርጦ፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ፣ የቀድሞውን የመዝጋትና የመክፈት ልማድ በአዲስ አካል አስቀጠለው።

አሁን ወደ ዕለት ሥራችን ልመለስ። አፍሪዴቭ የተባለውን የእጅ ፓምፕ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሲነደፍ የታሰበው የመንደሩ ሰው ራሱ ፈትቶ እንዲጠግነው ነው። ቶሎ የሚያልቀው ጎሚኒው ነው፤ ዋጋውም ከጉድጓዱ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ሆኖም ለአንድ ጎሚኒ ብሎ ቆሞ የሚቀር ፓምፕ በየወረዳው አለ። እናቶች አጠገቡ እያለፉ ወደ ወንዝ ይወርዳሉ። በአማራ ክልል በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ ይካሄድ በነበረው የገጠር ውኃ ፕሮግራም ከእ.ኤ.አ. 2003 ጀምሮ የተሞከረው መንገድ ትኩረት ይገባዋል። የግንባታው ገንዘብ በብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ለመንደሩ የውኃ ኮሚቴ ይሰጣል፤ ኮሚቴው ራሱ ዕቃ ይገዛል፣ ራሱ ባለሙያ ይቀጥራል፣ ሒሳቡንም ያወራርዳል። ሲሚንቶ ተደራድሮ የገዛ ሰው ጎሚኒ ከየት እንደሚገዛ አይጠፋውም።

እኛ የምናዘጋጀው የርክክብ ሰነድ ሥዕሉን፣ የሥራውን ዝርዝርና የክፍያውን ምስክር ወረቀት ይይዛል። ብዙ ጊዜም በእንግሊዝኛ የተጻፈ የአጠቃቀም መመሪያ ይታከልበታል፤ የሚያነበው ማን እንደሆነ እግዚአብሔር ይወቅ። መለዋወጫው የት እንደሚገኝ፣ መዋጮው ስንት እንደሆነና በማን እጅ እንደሚቀመጥ፣ ቁልፉን የሚይዘው ማን እንደሆነ፣ ተራ ያጎደለውን የሚጠይቀው ማን እንደሆነ የሚሞላበት ገጽ ግን የለውም።

ስለሆነም ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ማኅበራችን ከመስኖ፣ ከመጠጥ ውኃና ከመንገድ ክፍሎች የተውጣጣ ኮሚቴ ይሰይም፤ ኮሚቴው ይህ ገጽ የታከለበት የርክክብ ሰነድ ናሙና በአማርኛ አዘጋጅቶ እስከሚመጣው ጉባኤ ያቅርብ፤ ወደ ሌሎቹ የአገራችን ቋንቋዎችም ይመለስ። ገጹ የሚሞላው ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት፣ ከመንደሩ ሰዎች ጋር በተደረገ ስብሰባ ይሁን። ያልተሞላ እንደሆነም ሥራው እንዳይጀመር የሚል አንቀጽ ይግባበት። ይህ የመጨረሻው አንቀጽ ተቃዋሚ እንደሚኖረው ስለምገምት፣ ውይይቱን ከእሱ ብንጀምር እወዳለሁ።