ደገኛ ነን ብሎ መቸኮል
(ካቺሲ ላይ ለተጓዥ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በዚህ ዕረፍት ወደ ሰሜን ተራሮች ለመሄድ ከተመዘገብነው መካከል በአንድ ነገር ስምምነት ጠፍቷል። ከደባርቅ በመኪና በአንድ ቀን ጨነቅ ደርሰን፥ በማግስቱ ወደ ራስ ዳሸን እንገሥግሥ የሚሉ አሉ፤ ከደባርቅ ጀምረን በእግር ቀስ እያልን እንውጣ የምንል አለን። የፊተኞቹ ምክንያት አጭር ነው፤ «የካቺሲ ልጆች ደገኞች ነን፥ ከፍታ አያስደነግጠንም» ይላሉ። ማሞ ወልዴንም ምስክር ይጠራሉ።

ማሞ እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ ከተማ ማራቶን ማሸነፉ ለሁላችንም ኩራት ነው። ነገር ግን ሜክሲኮ ከተማ 2240 ሜትር ገደማ ናት፤ አዲስ አበባ ትበልጣታለች። ስለዚህ ማሞ ከለመደው ዝቅ ብሎ ሮጠ እንጂ ወደ ላይ አልወጣም። እኛ ግን 2500 ሜትር ገደማ ከሆነችው ካቺሲ ተነሥተን 4550 ሜትር ልንወጣ ነው። እዚህ በአንድ እስትንፋስ ከምናገኘው ኦክሲጅን እዚያ ሩብ ያህሉ ይጐድላል። ይህም የሚሆነው አየሩ ስለሚሳሳ ነውና ጋቢ መደረብ አይተካውም።

ሰውነት ጉድለቱን ያሟላል፥ ግን ጊዜ ይፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች እስትንፋስና የልብ ምት ይፈጥናል። እስትንፋስ ሲበዛ የደም ኬሚካላዊ ሚዛን ይዛባል፤ ኩላሊት ይህን የሚያስተካክለው በጥቂት ቀኖች ውስጥ ነው። (ሽንት ቢበዛ ማንም አይደንግጥ፤ ውኃ መጠጣት ነው።) ቀይ የደም ሕዋስ በሚገባ እስኪበዛ ግን ሳምንታት ያልፋሉ።

እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ገበሬዎችን መርምሮ፥ ሄሞግሎቢናቸውም በደማቸው ያለው ኦክሲጅንም በባሕር ዳር ከሚኖር ሰው ብዙ እንዳልራቀ አሳይቷል። ይህ በእውነት የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን እነርሱ ተወልደው ያደጉት በዚያው ነው። በኋላ በባሌ ወደ 4000 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኦሮሞዎች ሲመረመሩ ደግሞ ሄሞግሎቢናቸው ከሰሜኖቹ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። እንግዲህ ደገኛ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም።

አንዳንዶቻችሁ ወንጪን ደጋግመን ወጥተናል ትላላችሁ። መልካም ነው፥ እግር ይጠነክራል። ነገር ግን ከአንድ ወር በፊት ወጥቶ የወረደ ሰው ልምዱ አብሮት አይቆይም፤ ስፖርተኛም በከፍታ ሕመም ይወድቃል። ደግሞም በመንገድ ጐንደር እናድራለን፤ ጐንደር ከካቺሲ ዝቅ ትላለች።

የተራራ ሰዎች የሚጠብቁት ደንብ ከ3000 ሜትር በላይ የሌሊት ማደሪያን በቀን ከ500 ሜትር በላይ አለማሳደግ ነው። መንገዱ ራሱ ለዚህ ይመቻል። መጀመሪያ ደባርቅ 2850፥ ቀጥሎ ሳንቃበር 3250፥ ከዚያ ግጭ 3600 ገደማ ናቸው። ግጭ ሁለት ሌሊት አድረን፥ ቀኑን እመት ጎጎ 3926 ሜትር ወጥተን እንመለስ። ከጨነቅ በኋላም የቧሂትን መተላለፊያ 4200 ሜትር ላይ አልፈን አምቢቆ 3200 ሜትር ወርደን እናድራለን። የመኪናው ሐሳብ የሚያስቀርብን እነዚህን ሌሊቶች ነው። አረቄ ለብርድ ነው የሚለውም ወሬ ይቅር፤ መጠጥ በእንቅልፍ ላይ እስትንፋስን ያደክማል።

የሚያሳስበን ግን ይሉኝታው ነው። ጐበዝ ለመባል ራስ ምታቱን የሚደብቅ አይጠፋም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የያዘው ይናገር፤ እስኪሻለው ከዚያ በላይ አይውጣ። የሚንገዳገድ፥ ንግግሩ የተደበላለቀ፥ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ግን ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ይውረድ፤ ብቻውን አይላክ። የሚስቅበት ሰው ቢገኝ አብሮት እንዲወርድ እንወስናለን።

ለዚህም ከምንከራያቸው በቅሎዎች አንዲቱ ያለ ጭነት እንድትከተለን እንጠይቃለን። ኪራይዋን ለሁላችን እናካፍለዋለን።