የተበደለ ሰው ጉዳይ የማን ነው?



የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1948 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሁለንተናዊውን የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ሲያጸድቅ 48 መንግሥታት ደገፉት፤ የተቃወመ አልነበረም፤ 8 ግን ድምፅ ከመስጠት ተቆጠቡ። ከነዚህም አንዱ የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ነበር። ይህ መንግሥት ከመንግሥታት ማኅበር በአደራ በተቀበላት በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ በዛሬይቱ ናሚቢያ፣ ሰውን በቆዳው ቀለም እየለየ ይገዛ ነበር።

በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ይህን በደል በሄግ ለሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት አቀረቡ። በ1966 ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፈሉ፤ በፕሬዚዳንቱ ድምፅም፣ ከሳሾቹ በነገሩ የራሳቸው ሕጋዊ መብት ወይም ጥቅም እንዳላቸው አላስረዱም ተብሎ ክሱ ውድቅ ሆነ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ችሎቱ የጠየቀው «እናንተን ምን ነካችሁ?» ብሎ ነው። ደጉ ሳምራዊ ግን የቆሰለውን ሰው ሲያነሣ ዘሩን አልጠየቀም። የሰብአዊ መብት ሕግም መሠረቱ ይኸው ነው፤ ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረ ስለ ሆነ የአንዱ መበደል የሁሉ ጉዳይ ነው።

ክሱ ቢወድቅም እውነቱ አልወደቀም። በዚያው ዓመት ጠቅላላ ጉባኤው የአደራውን ሥልጣን ሻረ፤ በ1971 ያው ፍርድ ቤት ደቡብ አፍሪካ በናሚቢያ መቆየቷ ሕገ ወጥ መሆኑን ገለጸ፤ በ1990 ናሚቢያ ነጻ ወጣች።

ነገር ግን ስለ ሩቅ ሰው የተሟገተ አገር በገዛ ደጁ የሚጮኸውንም መስማት አለበት። ስለዚህ ነገ ዳኛ ወይም ሹም ስንሆን ድኻ አቤት ሲል «ምን አገባኝ» እንዳንል፣ ዛሬ በዚሁ ግቢ ደካማው ጓደኛችን ሲገፋ ዝም አለማለትን እንልመድ።