የዓባይ ሸለቆ ድርብርብ ድንጋይና የምሥራቅ ጎጃም መሠረት



ከደጀን ተነሥቶ በብቸና በኩል ወደ ሞጣ የሚጓዝ መንገደኛ በግራው የጮቄን ተራሮች፣ በቀኙ ወደ ዓባይ የሚወርደውን ቆላ፣ በመካከሉም የጤፍ ማሳ የለበሰውን ጥቁር መረሬ ያያል። ምድሪቱም ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ የነበረች ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ከማሳው በታች ያለው ታሪክ ሌላ ነው፤ ይህንንም ዓባይ ራሱ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ቆርሶ ገልጦታል።

በዚያ ሸለቆ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ከጥንቱ ወደ ቅርቡ ዘመን ይጓዛል። በግርጌው ጥንታውያን ወንዞች ያነጠፉት የአሸዋ ድንጋይ ይገኛል። በላዩ ባሕር ከደቡብ ምሥራቅ እየገፋ በመጣ ጊዜ ጥልቀት በሌለው ውኃ የተጋገሩት ጄሶና ሸክላማ ድንጋይ አሉ። ቀጥሎም ከ145 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ባለቀው በጁራሲክ ዘመን የተከማቸው፣ የባሕር እንስሳት ቅሪት የያዘው የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃና አሸዋ ተተኩ። በመጨረሻም ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የፈሰሰው ባዛልት ሁሉንም ከደነ፤ ጮቄም ከ22 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በእሳተ ገሞራ በላዩ ተቆለለ። ሸለቆው ባዛልቱን ጭምር ቆርጦ የወረደ በመሆኑ፣ ከባዛልቱ በኋላ መፈጠሩ የማያጠራጥር ነው።

ይህ ዕውቀት ለመሐንዲስ ጌጥ አይደለም። ጄሶ በውኃ ይሟሟል፤ ሸክላማው ድንጋይ ውኃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፤ ከላይ የተናደው የባዛልት ፍርስራሽም በዚሁ ደካማ አልጋ ላይ ይንሸራተታል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደው መንገድ በየክረምቱ የሚያስቸግረው ከዚህ የተነሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ ወንዙን ያሻግራል እንጂ ተዳፋቱን አያጸናም። ተዳፋቱን የሚያጸናው ውኃውን ከንብርብሩ አስቀድሞ ማራቅ ነው።

በብቸናና በሞጣ ደግሞ ጥያቄው ሌላ መልክ አለው። ከባዛልት የተገኘው መረሬ በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። መሠረቱን በዚህ አፈር ላይ ያሳረፈ ግድግዳም አብሮት ይሰነጠቃል። የከርሰ ምድር ውኃም በጠጣሩ ባዛልት ውስጥ ሳይሆን በስንጥቁና በሁለት የላቫ ንጣፎች መካከል ይገኛል። ስለሆነም ጉድጓድ የሚያስቆፍር ሁሉ ከጥልቀቱ አስቀድሞ ንጣፉን መጠየቅ ይገባዋል።

የደለሉ ታሪክም አላበቃም። የጮቄ አፈር በየክረምቱ ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ቀድሞ እስከ ሱዳንና ግብፅ ይደርስ የነበረው ደለልም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ኋላ በብዛት ይቀራል። የጥንቶቹን ንጣፎች ያከማቸ የሰው እጅ አልነበረም። የዛሬውን ግን ተዳፋቱን ያረሰ፣ ደኑን የመነጠረና እርከን ያልሠራ እጅ ያፋጥነዋል። እርከን የሚሠራ እጅም ያዘገየዋል።